ስልካችንን መንገድ የሚመራው ማነው?

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት እናቴን «እንኳን አደረሰሽ» ልላት ስልክ ደወልኩ። ስልኩ አልጠራም። አንዲት ሴት በለሰለሰ ድምፅ «ይቅርታ፣ መስመሮቹ ለጊዜው ተይዘዋል» አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ያንኑ አለችኝ። ሦስተኛም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ያረፍኩበት ቤት አባወራ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ያዩኝ ነበር።

«አንተ መምህር፣ ይቺን ሴትዮ ምን አድርገሃት ነው ከእናትህ የምትለይህ?» አሉኝ።

«ሴትዮ የለችም አባባ። የተቀዳ ድምፅ ነው» አልኳቸው።

«እሺ፣ ሴትዮ ከሌለች መስመሩ መያዙን ማን አየ? ይኼ ይለፍ፣ ይኼ ይመለስ የሚለውስ ማነው?»

ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። ልመልስ ስጀምር ግን ነገሩ ረዘመብኝ። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ እኔ ግማሹን እንኳ አልተናገርኩም። ስለዚህ እዚህ ልጽፈው አሰብኩ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የድምፃችን ጉዞ

ብዙ ሰው በስልክ ሲናገር ድምፁ ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ በአየር የሚበር ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ድምፃችን በአየር የሚሄደው ኮረብታው ላይ እስከ ቆመው የስልክ ማማ ድረስ ብቻ ነው። ከማማው በኋላ መሬት ውስጥ በተቀበረ ገመድ፣ አለዚያም ከማማ ወደ ማማ እየተቀባበለ፣ ወደ ማዞሪያ ጣቢያ ይደርሳል። ማዞሪያ ጣቢያ ማለት ብዙ መስመሮች የሚገናኙበት ቤት ነው። ልክ እንደ መንገድ መገንጠያ ቁጠሩት። ከዚያ ወደ ሌላ ማዞሪያ ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ይሄዳል። በመጨረሻ እናቴ መንደር አጠገብ ወዳለው ማማ ይደርስና ከማማው በአየር ስልኳ ውስጥ ይገባል።

እናንተ ከቤታችሁ ወደ ገበያ ስትሄዱ መንገዱ አንድ ብቻ ነው? አይደለም። በወንዙ በኩል ያቋርጣል፤ በኮረብታው በኩል ይዞራል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ በኮረብታው ትሄዳላችሁ። ሰው ዓይን ስላለው አይቶ ይመርጣል። ድምፅ ግን ዓይን የለውም። የሚመርጥለት ይፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ መስመር ልክ አለው። በመስኖ ቦይ ከልኩ በላይ ውሃ ቢለቀቅበት ጠርዙን ሰብሮ ይወጣል፤ ማሳውም አይጠጣም፣ ውሃውም ይባክናል። የስልክ መስመርም ስፋት አለው። ከስፋቱ በላይ ንግግር አይሸከምም።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ጥሪ ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። በየት በኩል ይሂድ? በዚያ በኩልስ ቦታ አለ ወይ? አባባ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው።

ድሮ ሴትዮዋ ነበረች

በእውነቱ አባባ ጨርሰው አልተሳሳቱም። በ1878 በአሜሪካ ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ ሰዎችን በስልክ የሚያገናኝ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ደንበኞቹ 21 ነበሩ። በዚያን ዘመን ስልክ የሚያገናኘው ሰው ነው። ብዙ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ፊት ለፊቱ አለ። ደዋዩ «ከእገሌ ጋር አገናኘኝ» ሲለው፣ የደዋዩን ቀዳዳ ከእገሌ ቀዳዳ ጋር በገመድ ያያይዛል። መጀመሪያ ለዚህ ሥራ የተቀጠሩት ወጣት ወንዶች ነበሩ። ይቀልዳሉ፣ ደንበኛ ይሳደባሉ፤ አልተቻሉም። በዚያው ዓመት በቦስተን ከተማ ኤማ ናት የምትባል ሴት ተቀጠረች። ከዚያ በኋላ ሥራው ባብዛኛው የሴቶች ሆነ።

ሩቅ አገር የሚደውል ሰው ሲመጣ አገናኟ ለጎረቤት ከተማ አገናኝ ትደውላለች፤ ያቺ ደግሞ ለሚቀጥለው ከተማ። መንገዱ ያለው በሴቶቹ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። በዚህ በኩል ያሉት ገመዶች ከተያዙ በዚያ በኩል ይሞክራሉ።

በአገራችን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የ477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራም መስመር ለመዘርጋት ሥራው የተጀመረው በ1894 ገደማ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። መስመሩ አንድ ነው። መስመር አንድ ሲሆን የመንገድ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሴቶቹን በመሣሪያ የተካው ሰው ነገር ያስቃል። በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በምትባል ከተማ አልሞን ስትሮውጀር የሚባል ሰው ነበረ። ሥራው በገንዘብ ሰው ማስቀበር ነው። (እኛ ዘንድ እድር የሚያደርገውን እዚያ ነጋዴ ያደርገዋል። ይኼ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።) በከተማዋ ሌላም እንደ እሱ ያለ ነጋዴ ነበረ ይባላል። የዚያ ነጋዴ ሚስት ደግሞ ስልክ አገናኝ ናት። ሐዘን የደረሰበት ሰው «ከስትሮውጀር ጋር አገናኝኝ» ሲላት ከባሏ ጋር ታገናኘዋለች። ስትሮውጀር ገበያው ሲቀዘቅዝበት ተናደደና ሰው ሳይገባበት ራሱ የሚያገናኝ መሣሪያ አሰበ። በ1891 የፈጠራ መብቱን አገኘ። በ1892 ላ ፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ መሣሪያው ሥራ ጀመረ። ደዋዩ ቁጥር በሰጠው መጠን የመሣሪያው ክንድ ከፍ ይላል፣ ይዞራል፣ የተፈለገውን መስመር ይነካል።

መሣሪያው አያዳላም። ግን አያስብምም።

ስንት መስመር ይበቃል?

በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን በሚገኝ የስልክ ኩባንያ ውስጥ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል የሒሳብ ሰው ይሠራ ነበር። ሰው በቀን ስንት ጊዜ ይደውላል? አንዴ ከደወለስ ምን ያህል ያወራል? ይህን አጥንቶ በ1909 እና በ1917 ሒሳቡን አሳተመ። ዛሬም የስልክ ሥራ ሰዎች የንግግርን ብዛት የሚሰፍሩት በእሱ ስም በተጠራ መስፈሪያ ነው። እኛ እህል በቁና እንደምንሰፍር እነሱ ንግግርን በኤርላንግ ይሰፍራሉ።

ምሳሌ ልስጥ። በአንዲት ከተማ በአንድ ጊዜ መነጋገር የሚፈልጉት ሰዎች በአማካይ 10 ናቸው እንበል። 10 መስመር ቢዘረጋ ይበቃል? የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። ሰው ተነጋግሮ በተራ አይደውልም። አንዳንዴ ፈላጊው 5 ይሆናል፣ አንዳንዴ 15። በኤርላንግ ሒሳብ 10 መስመር ብቻ ካለ ከ100 ጥሪ 21 ያህሉ ይመለሳል። መስመሩ 15 ቢሆን የሚመለሰው ከ4 ያንሳል። 18 ቢሆን ከ1 ያንሳል።

ታዲያ ለምን ብዙ መስመር ዘርግተው አይገላገሉም? ለሠርግ ቀን ተብሎ ሁለት መቶ ሰው የሚያስቀምጥ ቤት የሚሠራ አለ? የለም። ድንኳን ከእድር ይዋሳል፣ የጎረቤት ቤት ይለመናል። ስልክም እንዲሁ ነው። በእንቁጣጣሽ ጠዋት አገር ሁሉ በአንዴ ይደውላል። ለዚያ አንድ ጠዋት የሚበቃ መስመር ቢዘረጋ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ይተኛል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ያለውን መስመር በብልሃት ማከፋፈል ነው።

በጎረቤት በኩል መዞር

በመሣሪያ መገናኘት ከተጀመረ በኋላ መንገዱ የሚመረጠው በማይለወጥ ቅደም ተከተል ነበር። በአሜሪካ ማዞሪያ ጣቢያዎቹ በ5 ደረጃ ተከፋፍለው ነበር፤ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን እንደምንለው ዓይነት። ጥሪው መጀመሪያ ቀጥታ መስመር ይፈልጋል። ከተያዘ ከፍ ወዳለው ጣቢያ ይሄዳል። እሱም ከተያዘ ይበልጥ ከፍ ወዳለው። የመጨረሻው ከሞላ ጥሪው ይመለሳል። ቅደም ተከተሉን ያወጡት መሐንዲሶች ናቸው። ማሽኑ ከዚያ ፈቀቅ አይልም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? አሜሪካ ሰፊ አገር ነው። በምሥራቁ በኒው ዮርክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በምዕራቡ በካሊፎርኒያ ገና ንጋት 12 ሰዓት ነው። በምሥራቅ ሰው ሁሉ ለሥራ ተነሥቶ መስመሩ ሲጨናነቅ፣ በምዕራብ ሰው ተኝቷል፤ መስመሩ ባዶ ነው። ማሽኑ ግን ያን ባዶ መስመር አያውቀውም። ከቅደም ተከተሉ ውስጥ የለም።

በ1984 ኤ ቲ ኤንድ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ይህን ደረጃ መተው ጀመረ። መንገዱ በኮምፒዩተር ስሌት በቀኑ ሰዓት እየተለዋወጠ እንዲመረጥ አደረገ። በምሥራቅ ያሉ ሁለት ከተማዎች ጠዋት ላይ በምዕራብ በኩል ዞረው እንዲነጋገሩ ሆነ። ከሺህ ኪሎ ሜትሮች በላይ መዞር ነው። ሆኖም ድምፅ በመስመር ላይ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ሰዎቹ መዞሩን ልብ አይሉትም። በ1991 ደግሞ ነገሩ ተሻሻለ። ጥሪ ሲመጣ የደዋዩ ጣቢያ የተደዋዩን ጣቢያ «በአንተ በኩል የትኞቹ መስመሮች ባዶ ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። የራሱን ከዚያኛው ጋር ያመሳክራል። ከሁለቱም ወገን ሰፋ ያለ ቦታ ያለበትን ጎረቤት ይመርጣል። ይህ ሁሉ ሰው ሳይነካው ዓይን ከመጥቀስ በቶሎ ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እኔም መጀመሪያ ስማረው አልገባኝም ነበር። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሦስት ከተሞች አሉ እንበል፤ ሀ፣ ለ እና መ። በየሁለቱ መካከል የሚመላለስ አንድ መኪና አለ። እያንዳንዱ መኪና 10 ወንበር አለው። ዛሬ ከሀ ወደ ለ መሄድ የሚፈልጉ 12 ናቸው። ከሀ ወደ መ የሚሄዱ 10፣ ከለ ወደ መ የሚሄዱም 10 ናቸው።

ማንም ሳይዞር ሁሉም በቀጥታ ቢሄድ ሁለት ሰው ይቀራል፤ ሠላሳ ሰው ይጓዛል። አሁን ሁለቱ ትርፍ ሰዎች «በመ በኩል ዞረን እንሄዳለን» ብለው ቀድመው ወንበር ያዙ እንበል። ከሀ ወደ መ በሚሄደው መኪና ላይ 2 ወንበር ወሰዱ። በለ እና በመ መካከል ባለው መኪና ላይም 2 ወንበር ወሰዱ። ሁለት ሰዎች 4 ወንበር ያዙ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት 4 ባለመብቶች መሬት ቀሩ። የተጓዘው ሰው 28 ሆነ። እነዚያ 4 ሰዎችም «እኛም ዞረን እንሂድ» ካሉ ነገሩ ይብስበታል። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ወንበር ፈልገው የሌሎችን ወንበር ይቀማሉ። ሁሉም ይዞራል፤ የሚደርሰው ግን እያነሰ ይሄዳል።

መስመር ባዶ ሲሆን መዞር በረከት ነው። መስመር ሲጨናነቅ መዞር ችግሩን ያባዛዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። እናንተ ለእንግዳ ከጎተራ ትቀዳላችሁ። ደግ ሰው ጎተራው እስኪጋመስ ይቀዳል። የዘር እህሉን ግን አይነካም። በስልክም እንዲሁ ተደረገ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጥቂት ቦታ ለቀጥታ ጥሪ ብቻ ይቀመጣል። ከ10 ቦታ 2ቱ ይቀመጡ ብንል፣ በዙሪያ የሚመጣ ጥሪ የሚገባው ቢያንስ 3 ባዶ ቦታ ሲኖር ብቻ ነው። ከዚያ ካነሰ «በሌላ በኩል ሞክር» ይባላል። ሌላ ከሌለ ይመለሳል። ለመንገደኛው ክፉ ይመስላል። ግን እሱን መመለስ ሁለት ሰው ከመመለስ ይሻላል።

ስለዚህ «መስመሮቹ ተይዘዋል» የምትለው ድምፅ ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለችም። አንዳንዴ መረቡ አስቦ የሰጠው መልስ ነው።

የመሸጋገሪያ ሒሳብ

ዛሬ በብዙ ቦታ ድምፅ እንደ ድሮው አንድ ገመድ ይዞ አይሄድም። ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሩ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ የሚደርስበት አድራሻ ተጽፎበት እንደ ፖስታ ይላካል። ለዚህ አሠራር መንገድ ከከፈቱት አንዱ በ1969 በአሜሪካ ሥራ የጀመረው አርፓኔት የተባለው የኮምፒዩተሮች መረብ ነው።

ቁራጮቹ በየት በኩል ይሂዱ? ለዚህ የሚያገለግለውን ሒሳብ ያወጣው ኤድስገር ዳይክስትራ የሚባል የሆላንድ ሰው ነው። በ1956 በአምስተርዳም ከተማ ከእጮኛው ጋር ገበያ ሲዞሩ ደከማቸውና ቡና ሊጠጡ አንድ ቤት ደጅ ላይ ተቀመጡ። እዚያው ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በ20 ደቂቃ አሰበው። ያሳተመው በ1959 ነው። እነሆ እኛም በቡና ላይ ነው ነገሩን ያነሳነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከቤት እስከ ላይኛው መንደር 1 ሰዓት ያስኬዳል። ከቤት እስከ ታችኛው መንደር 4 ሰዓት ነው። ከላይኛው እስከ ታችኛው 2 ሰዓት። ከላይኛው እስከ ገበያ 6 ሰዓት። ከታችኛው እስከ ገበያ 1 ሰዓት። ወደ ገበያ አጭሩ መንገድ የትኛው ነው?

መጀመሪያ ከቤት በጣም ቅርቡን ያዙ። ላይኛው መንደር ነው፤ 1 ሰዓት። እሱን ቁረጡና ጻፉት። አሁን ላይኛው መንደር ላይ ቆማችሁ እዩ። በዚህ በኩል ታችኛው መንደር 1 እና 2፣ 3 ሰዓት ሆነ። በቀጥታ 4 ነበር። ስለዚህ 4ን ሰርዛችሁ 3 ጻፉ። ገበያ በዚህ በኩል 7 ሰዓት ነው። ጻፉት፤ ግን ገና አትቁረጡት። ከቀሩት ቅርቡ ማነው? ታችኛው፤ 3 ሰዓት። እሱን ቁረጡ። ከዚያ ላይ ገበያ 1 ሰዓት ነው፤ 3 እና 1፣ 4። ስለዚህ 7ን ሰርዛችሁ 4 ጻፉ። አለቀ። ከቤት ወደ ላይኛው፣ ከዚያ ወደ ታችኛው፣ ከዚያ ወደ ገበያ። እርሳስ ያላችሁ በራሳችሁ መንደር ሞክሩት።

ማዞሪያ ማሽኖች ይህንኑ በሺህ ለሚቆጠሩ መገንጠያዎች ይሠሩታል። መንገድ ሲቆረጥ ለጎረቤቶቻቸው ይነግራሉ፤ ሁሉም ሒሳቡን እንደገና ይሠራል።

ታዲያ የመንገዱን «ርዝመት» በምን እንለካ? በአርፓኔት በ1979 ማሽኖቹ በየ10 ሴኮንዱ የመስመሩን መዘግየት እየለኩ ያንን እንደ ርዝመት እንዲቆጥሩት ተደረገ። የተጨናነቀ መንገድ ረጅም ተብሎ ይቆጠራል፤ ባዶው አጭር። ብልህነት ይመስላል። የሆነው ግን በሽንኩርት ገበያ የሚሆነው ነው። ዘንድሮ ሽንኩርት ሲወደድ ሁሉም ሽንኩርት ይተክላል። በሚቀጥለው ጊዜ ገበያው ሞልቶ ዋጋው ይወድቃል። ሁሉም ይተወዋል፤ እንደገና ይወደዳል። በአርፓኔትም መስመሩ በሚጨናነቅበት ጊዜ ሁሉም ወደ ባዶው መንገድ ይሸሻል፤ ያኛው ይታፈናል። ቀጥሎ ሁሉም ተመልሶ ወደ ቀድሞው ይጎርፋል። በ1987 አስተካከሉት። የመንገዱ ዋጋ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዳይወጣና እንዳይወርድ ገደብ አበጁለት።

ቦታ ማስያዝ

መንገድ መምረጥ ብቻውን አይበቃም። መንገዱ ላይ ከደረሱ በኋላ ቦታ ከሌለስ? በቁራጭ ለሚላክ ጽሑፍ ትንሽ መዘግየት አይጎዳም። ንግግር ግን ከተቆራረጠ «ሃሎ? ሃሎ?» ብቻ ይሆናል። በቀድሞው የማዞሪያ አሠራር አንድ የስልክ ንግግር በሴኮንድ 64,000 ምልክት የሚያሳልፍ ስፋት ይያዝለታል። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ከዚህ በብዙ እጥፍ ይፈልጋል።

በ1997 ለዚህ የሚሆን ደንብ ወጣ። እንዲህ ይሠራል። ከላኪው ወገን አንድ መልእክተኛ በመንገዱ ላይ ይሄዳል፤ ያለፈበትንም ያስመዘግባል። ከተቀባዩ ወገን ደግሞ መልስ በዚያው መንገድ ይመለሳል። በየማሽኑ ቆሞ «ይህን ያህል ስፋት አለህ?» ይላል። «አለኝ» ካለ ያስይዘዋል። አንዱ «የለኝም» ካለ ማስያዙ አይሳካም። ማሽኑ ቦታውን ለዘላለም አይዝም። በ30 ሴኮንድ ገደማ እየተመላለሱ «አሁንም አለሁ» ካላሉት፣ ጥቂት ታግሦ ቦታውን ይለቀዋል። ወፍጮ ቤት ጆንያ አስቀምጦ ሄዶ የቀረ ሰው ጆንያው ከወረፋ እንደሚወጣ ማለት ነው። ይህ ደንብ መልካም ነው እላለሁ። ባለቤቱ የጠፋ ጆንያ ወረፋ ሲዘጋ ያየ ሰው ይረዳኛል።

በ2001 መንገድ መምረጡና ቦታ ማስያዙ ይበልጥ ተጣመሩ። ማሽኑ በመጀመሪያ የሚፈለገው ስፋት የሌለባቸውን መንገዶች በሙሉ ይሰርዛል። ከዚያ ከቀሩት ውስጥ በዳይክስትራ ሒሳብ አጭሩን ይፈልጋል። ከገጠር ምሳሌ ብናመጣ፣ የተጫነ ግመል የማያሳልፈውን ጠባብ መተላለፊያ ከነአካቴው ትተን ከቀሩት አጭሩን እንደ መምረጥ ነው። ለተያዘው ቦታም የቅድሚያ ደረጃ ይሰጠዋል። ደረጃው ከ0 እስከ 7 ነው። 0 ከሁሉ ይበልጣል። ቦታ ሲጠፋ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ሊያስነሳ ይችላል።

ማን ይቅደም?

እዚህ ላይ ነገሩ ከሒሳብ ይወጣል። በዚያ የእንቁጣጣሽ ጠዋት እኔ «እንኳን አደረሰሽ» ለማለት ስደውል፣ በአጠገባችን ምጥ የጠናባት ሴት ቤተሰብ ደግሞ አምቡላንስ ለመጥራት እየደወለ ቢሆንስ? አንድ ቦታ ብቻ ቢቀር ለማን ይሰጥ? ማሽን ይህን ከራሱ አያውቅም። ሰው አስቀድሞ መንገር አለበት።

በማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። የባሕሩ ውሃ ተነሥቶ ከተሞችን ጠረገ። በሕይወት ያለው ሁሉ ዘመዱን ለማግኘት በአንዴ ስልክ ያዘ። የሞባይል ስልክ ኩባንያዎቹ የድምፅ ጥሪን አገዱ፤ ከ100 ጥሪ እስከ 95 ድረስ ያገዱም ነበሩ። ይህን ያደረጉት ፖሊስንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የሚጠሩት መስመሮች ታፍነው እንዳይዘጉ ነው። ለጽሑፍ መልእክትና ለመሰል ነገሮች በሚያገለግለው በኩል ግን ያደረጉት እገዳ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ከነጭራሹ ያላገዱም አሉ። የጽሑፍ ቁራጭ ትንሽ ናት፤ ቦታ እስክታገኝ ትጠብቃለች። የድምፅ ጥሪ ግን ሁለቱ ሰዎች እስኪጨርሱ ቦታውን ይዞ ይቆያል። በዚያ አገር ሰዎች «ደኅና ነኝ» ብለው ድምፃቸውን የሚያስቀምጡበት፣ ዘመዶቻቸውም ደውለው የሚሰሙበት 171 የሚባል የአደጋ ጊዜ ቁጥርም አለ።

እናት ልጇን ስትፈልግ ጥሪዋ ከሚታገድባቸው 95 አንዱ ሲሆን ያማል። እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል። ፍርስራሽ ሥር ያለው ሰው ይቅደም።

ስለ ሐረሩ አንድ መስመር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። እስካሁን የተናገርኩት ብልሃት ሁሉ የሚሠራው ቢያንስ ሁለት መንገድ ባለበት ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ማማ ከትልቁ ጣቢያ ጋር የተያያዘው በአንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ያም ከተቆረጠ፣ ዳይክስትራም አያድነውም። ወንዙ ሞልቶ የኮረብታው መንገድ ከሌለ ገበያ መቅረት ነው። ስለዚህ ስለ ስልክ በስብሰባ ላይ የሚጠይቅ ሰው «ማማ ይተከልልን» ብቻ አይበል። «ማማው በስንት መንገድ ይገናኛል? መብራት ሲጠፋስ በምን ይሠራል?» ብሎ ይጨምርበት።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው አባባ ዝም ብለው ሰሙኝ። ስለ ዘር እህሉ ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ 64,000 ምልክት ስናገር ግን ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ።

እናቴን ያገኘኋት ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ነው። ስልኩ አንዴ ጠርቶ አነሳችው።

«ጠዋት ሙሉ ስልኩን ይዤ ስጠብቅህ! ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

ስለ ኤርላንግ ልነግራት ጀመርኩና ተውኩት። «መስመር ተይዞ ነው እማዬ» አልኳት።

«ማን ያዘው?» አለች።